ለኮራል የሚበቃውን ብርሃን ለክቶ መምረጥ፦ ለአዲስ አበባ ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ ቤት ውስጥ ባለ ገንዳ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውኃው ነው። ጨዋማነቱ ይለካል፣ ካልሲየሙ ይለካል፣ ናይትሬቱ ይለካል። ከላይ የተሰቀለው መብራት ግን «ደመቅ ያለ ነው»፣ «ፈዘዝ ያለ ነው» ተብሎ በዓይን ይታለፋል። ብርሃንም እንደ ጨዋማነት በቁጥር ይያዛል። ከዚህ በታች ያለው ቁጥሩን እንዴት እንደምታገኙትና ካገኛችሁት በኋላ ምን እንደምታደርጉበት ነው። ለምሳሌ የያዝነው 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድና 45 ከፍታ ያለው የመስታወት ገንዳ ነው፤ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ልደታ ባለ የአፓርታማ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት።

ዓይን ለምን ያሳስታል

ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ ግን ዞዛንቴላ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ስኳር ይሠራሉ፣ ከሠሩትም አብዛኛውን ለኮራሉ ያካፍላሉ። ስለዚህ ለኮራል ብርሃን ማለት የዕለት እንጀራው ማለት ነው። ብርሃኑ ከልክ ሲያልፍ አልጌዎቹ ሊጠቀሙበት የማይችሉት ኃይል ጎጂ ኦክስጅን ይፈጥራል፤ ኮራሉም ራሱን ለማዳን አልጌዎቹን ያስወጣል። መንጣት የሚባለው ይህ ነው።

ቀይ ብርሃን በባሕር ውኃ ውስጥ ጥቂት ሜትር እንደወረደ ይዋጣል፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። ኮራልም በዚያው ስለለመደ በዋናነት የሚጠቀመው ከ420 እስከ 480 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ያለውን ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ነው። የሰው ዓይን ደግሞ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴና ቢጫ ነው። ሉክስ የሚባለው መለኪያም የተሠራው ለሰው ዓይን ነው።

ልዩነቱ ስንት እንደሆነ በቁጥር እንየው። የብርሃን ቅንጣቶች የሚቆጠሩበት መለኪያ ማይክሮሞል ይባላል። በፀሐይ ብርሃን አንድ ማይክሮሞል ወደ 54 ሉክስ ይሆናል። 450 ናኖሜትር በሆነ ንጹሕ ሰማያዊ ኤልኢዲ ግን አንድ ማይክሮሞል 7 ሉክስ ገደማ ብቻ ነው። 200 ማይክሮሞል የሚያወርድ ሰማያዊ መብራት በሉክስ ሜትር ላይ 1,400 ሲያሳይ፣ ያንኑ ያህል ቅንጣት የሚያወርድ ፀሐይ 10,800 ያሳያል። ዓይናችንም እንደዚያው ነው፦ ሰማያዊው ገንዳ ፈዝዞ ይታየንና መብራቱን ወደ 100 በመቶ እንገፋዋለን። በሳምንቱ ኮራሉ ይነጣል።

ስለዚህ የምንለካው ፓር ነው፦ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ የሚያርፉት የብርሃን ቅንጣቶች ብዛት፣ በማይክሮሞል። ከዚህ በኋላ «ፓር 150» ካልን 150 ማይክሮሞል ማለታችን ነው።

ሁለተኛው በልብ የሚያዝ ነገር፦ ብርሃን ሲያንስ ኮራሉ ጊዜ ይሰጣችኋል። ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ቡናማ እየሆነ፣ እየተለጠጠ ይጠብቃችኋል። ሲበዛ ግን በቀናት ውስጥ ያልቃል። የሚቀጥለው ምክር ሁሉ ከዝቅተኛው እንድትጀምሩ የሚወተውተው ለዚህ ነው።

ለየትኛው ኮራል ስንት

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ኮራሉ በተቀመጠበት ቦታ፣ መብራቱ ለቀኑ የተመደበለት ከፍተኛ ኃይል ላይ ሲደርስ የሚነበቡ ናቸው። ከውኃው ወለል የሚነበብ ቁጥር ለዚህ አያገለግልም።

የእንጉዳይ ኮራሎች ከ50 እስከ 100 ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይኮማተራሉ ወይም ከድንጋዩ ተላቀው ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ። ዞአንቲድ ከ75 እስከ 150 ይወዳል። ሳርኮፋይተንና ሌሎች የቆዳ ኮራሎችም በዚያው ክልል ይመቻቸዋል፤ ከለመዱ 200 ድረስ ይታገሣሉ።

ኤልፒኤስ ከሚባሉት፣ ማለትም ትልልቅ ፖሊፕ (አፍና ክንዶች ያሉት የኮራሉ አሃድ) ካላቸው ድንጋያማ ኮራሎች፣ አካንና ብላስቶሙሳ ከ50 እስከ 100 ባለው ይረካሉ። የዩፊሊያ ቤተሰብ፣ ቶርች፣ ሐመርና ፍሮግስፖን፣ ከ80 እስከ 150 ባለው ክልል ጥሩ ይከፈታል። ዱንካንና ፋቪያም እዚያው ናቸው።

ኤስፒኤስ የሚባሉት ባለ ትናንሽ ፖሊፖቹ የበለጠ ይፈልጋሉ። ሞንቲፖራ ከ150 እስከ 250፣ ስታይሎፎራና ፖሲሎፖራ ከ200 እስከ 300፣ አክሮፖራ ከ250 እስከ 350፣ በደንብ ለለመደ ደግሞ እስከ 400።

ለመጀመሪያ ገንዳ አክሮፖራን አንመክርም። የሚያስቸግረው ብርሃኑ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በፓር 300 የሚኖር ኮራል አጽሙን በፍጥነት ስለሚገነባ አልካሊኒቲውን፣ ማለትም አጽም የሚሠራበትን በውኃው ውስጥ ያለ ካርቦኔት፣ በየቀኑ ይጨርሳል፤ ያን እኩል መተካት ካልቻላችሁ ከፍተኛው ብርሃን ራሱ ጠላት ይሆናል። ከ80 እስከ 150 ባለው ክልል የሚኖሩ ኮራሎችን ብቻ የያዘ ገንዳ ያምራል፣ ስህተትም ይችላል።

ስትገዙ ሻጩን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁ አትውጡ፦ «ኮራሉ እስካሁን በስንት ፓር ላይ ነበር?» ካላወቀ፣ ከገንዳው ታችኛው ወይስ ላይኛው ክፍል እንደነበር ይንገራችሁ። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ከውጭ የሚመጡት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ወረቀቱን ጠይቁ።

አንደኛ፦ የገንዳውን ቦታ ከመስኮት አንጻር ምረጡ

የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ወደ 2,000 ማይክሮሞል ይደርሳል። በመስኮት በኩል ለአንድ ሰዓት ያህል የገንዳውን አንድ ጥግ የሚነካ የፀሐይ ጨረር በመብራቱ ላይ የሠራችሁትን ሂሳብ ሁሉ ያፈርሰዋል።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ የተነሣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትቆይም። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀትር አናት ላይ ትሆናለች፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን። ስለዚህ በሰኔ «ፀሐይ አይገባበትም» ተብሎ በደቡብ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ገንዳ፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጠርቶ በቀትር ፀሐይ ሲመታ ታገኙታላችሁ። የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ደግሞ በየትኛውም ወር ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ ያስገባሉ።

ገንዳውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን መስኮቱ ባለበት በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ጎን ለጎን አስቀምጡት። ሌላ ቦታ ከሌለ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ ወይም የገንዳውን ጀርባና ፀሐይ የሚያገኘውን ጎን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኑ። ቀጥተኛ ያልሆነ የሳሎን ብርሃን አይጎዳም፣ በቁጥርም ከግምት የሚገባ አይደለም።

ሁለተኛ፦ መብራቱና አሰቃቀሉ

ለምሳሌው ገንዳ ለኮራል የተሠራ፣ ከ90 እስከ 130 ዋት የሆነ አንድ ኤልኢዲ ይበቃል፤ ለለስላሳ ኮራል ብቻ ከሆነ 50 ወይም 60 ዋት። ዋቱ ግን የሚነግራችሁ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ነው፣ ለኮራሉ የሚደርሰውን አይደለም። ከዋቱ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ ሰማያዊና ነጭ ቻናሎቹ ለየብቻ የሚስተካከሉ መሆናቸውን፣ ኃይሉ ከ1 እስከ 100 በመቶ ቀስ በቀስ የሚጨምር መሆኑን፣ የመብራት መጥፋትን ተቋቁሞ ሰዓቱን የሚያስታውስ መሆኑን። ሦስተኛው ለእኛ ከተማ ከሁሉም ይበልጣል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መርካቶ ውስጥ እንደ ልብ የሚገኘው ነጭ ፍለድ ላይት፣ 6,500 ኬልቪን (የነጭ ብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነው፣ አንዳንድ ለስላሳ ኮራሎችን በሕይወት ያቆያል። ቀለማቸውን ግን አያወጣም፣ ኃይሉም የሚስተካከል ስላልሆነ ኮራል ለማላመድ አይመችም። ቢጫማው 3,000 ኬልቪን ጨርሶ አይሆንም፤ ሰማያዊው ትንሽ፣ ቀዩ ብዙ ነው፤ የምታበቅሉበት አረንጓዴ አልጌ ብቻ ይሆናል።

መብራቱን ከውኃው ወለል በ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስቀሉ። ዝቅ ባለ ቁጥር መሀሉ ይቃጠላል፣ ጥጉ ይጨልማል። ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃኑ እኩል ይዳረሳል፣ ግን ከፊሉ ወደ ሳሎኑ ይፈስሳል። «ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል» የሚባለው በአየር ላይ ላለች አንዲት ነጥብ መብራት ይሠራል፤ መስታወቱ ብርሃኑን መልሶ ወደ ውስጥ በሚያንጸባርቅበት፣ ብዙ ሌንስ ባለው መብራት ላይ ያን ያህል አይወርድም። ስለዚህ ከፍታውን በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና መለካት እንጂ በስሌት መገመት አያዋጣም።

የቀለም ድብልቁን መጀመሪያ አስተካክሉና ተዉት። ሰማያዊ፣ ሮያል ሰማያዊና ሐምራዊ ቻናሎች እኩል ሲሆኑ፣ ነጩ የእነሱ ሩብ ገደማ ይሁን፤ ቀይና አረንጓዴ ካሉት ከ5 በመቶ አይለፉ። ከዚህ በኋላ የምትጨምሩትና የምትቀንሱት አጠቃላዩን ኃይል ብቻ ነው። ቀለሙንም ኃይሉንም በአንድ ሳምንት የቀየረ ሰው ኮራሉ በየትኛው እንደተቀየመ ማወቅ አይችልም።

ሦስተኛ፦ የገንዳውን የብርሃን ካርታ ሥሩ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ምሽት ይወስዳል፣ ለዓመት ያገለግላል።

ትክክለኛው መሣሪያ ሴንሰሩ ውኃ ውስጥ የሚገባ የፓር ሜትር ነው። አፖጂ ኤምኪው-510 ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲሆን የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ራሱ ይሠራል። የቆየው ኤምኪው-200 ሰማያዊውን አሳንሶ ያነባል፤ ውኃ ውስጥ ያነበበውንም በ1.08 ማባዛት ያስፈልጋል። መሣሪያው ውድ ነው፣ በዓመትም የሚያስፈልጋችሁ ለጥቂት ቀናት ነው። ሦስት አራት ሰው ዕቁብ ጥሎ አንድ ቢገዛና በየተራ ቢጠቀምበት ይቀላል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

1. የመብራቱን ሌንስና የገንዳውን ክዳን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ክዳን የምትጠቀሙ ከሆነ ክዳኑ ተከድኖ ለኩ።
2. የማዕበል ፓምፖችን አጥፉና ወለሉ እስኪረጋ 2 ደቂቃ ጠብቁ። ካልረጋ ቁጥሩ ይዘላል።
3. ከሰዓት ፕሮግራሙ አውጥታችሁ መብራቱን በ50 በመቶ አቁሙት። በ100 መለካት አያስፈልግም፤ ኤልኢዲ በግምት እኩል እያደገ ስለሚሄድ የ50ው ንባብ በሁለት ሲባዛ የ100ውን ይሰጣችኋል።
4. ገንዳውን ከላይ ሲታይ 9 ቦታ ክፈሉት፦ ሦስት በርዝመት፣ ሦስት በወርድ። በያንዳንዱ ቦታ በሦስት ጥልቀት ለኩ፦ ከውኃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ መሀል ላይና አሸዋው ላይ። 27 ንባብ ይሆናል።
5. ሴንሰሩ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይመልከት። ትንሽ ካዘነበለ ንባቡ ይወርዳል፤ እጃችሁም ጥላ እንዳይጥልበት ሴንሰሩ የታሰረበትን ዱላ ከጎን ያዙት።
6. በወረቀት ላይ ሦስት ሣጥን ሥላችሁ፣ ለያንዳንዱ ጥልቀት አንድ፣ ቁጥሮቹን ጻፉ። ወረቀቱን ከገንዳው ካቢኔ በር ጀርባ ለጥፉት።

ለምሳሌ ከላይ መሀሉ 210፣ መካከለኛው ጥልቀት 115፣ አሸዋው መሀል 65፣ የአሸዋው ጥግ 30 ቢወጣ፣ ይህ በ50 በመቶ ኃይል ነው። ዞአንቲዱ 100 ከፈለገ መካከለኛው ጥልቀት ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ አካኑ አሸዋው ላይ ይሆናል፤ ጥጉ ገና የማንም ቦታ አይደለም። ካርታ ሲኖራችሁ መብራቱን ከመጨመር በፊት ኮራሉን ማንቀሳቀስ እንደሚቀድም ወዲያው ይገባችኋል።

ፓር ሜትር ካልተገኘ ሴንሰሩ በገመድ የሚለይ ርካሽ ሉክስ ሜትርም ይጠቅማል፣ ግን በአንድ ሁኔታ። የሉክስ ቁጥሩን ወደ ፓር በቀጥታ አትቀይሩት፤ ከላይ እንዳየነው በሰማያዊ ብርሃን ሰባት ስምንት እጥፍ ያሳስታል። የምትጠቀሙበት ለማነጻጸር ብቻ ይሁን። ገንዳውን ውኃ ከመሙላታችሁ በፊት በባዶው 27ቱን ቦታ በሉክስ ለኩ። ከዚያ ከመብራቱ ጋር የመጣውን የአምራቹን የፓር ሠንጠረዥ ፈልጉ። ሠንጠረዡ በእናንተ ከፍታ መሀል ላይ 300 ፓር ካለና የእናንተ ሜትር እዚያው ቦታ 1,000፣ ጥጉ ላይ ደግሞ 400 ሉክስ ካነበበ፣ ጥጉ ወደ 120 ፓር ነው። የብርሃኑ ቀለም በየቦታው አንድ ስለሆነ ንጽጽሩ ይይዛል። ሠንጠረዡ በውኃ ወይስ በአየር እንደተለካ ማየት አትርሱ። ውኃ ሲገባ ቁጥሩ ትንሽ ስለሚለወጥ በዚህ መንገድ የተገኘውን ግምት አድርጋችሁ ያዙትና ከሚፈለገው በ30 በመቶ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ።

አራተኛ፦ ሰዓቱ

ኮራል የሚያየው የብርሃኑን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የቀኑን ድምር ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ፓር በሰከንዶች ብዛት ተባዝቶ ለአንድ ሚሊዮን ይካፈላል። 200 ፓር ለ7 ሰዓት 5 ሞል ይሆናል። መብራቱ ሲወጣና ሲገባ ሁለት ሁለት ሰዓት በአማካይ 100 ቢሰጥ 1.4 ይጨምራል፤ ድምሩ 6.4 ሞል ገደማ። በየቀኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን የምትጠብቁት ይህን ቁጥር ነው። አነስተኛ ኃይል ያለው መብራት ያላችሁ ሰዎች ሰዓቱን በማራዘም ትንሽ ማካካስ ትችላላችሁ፤ ግን ርዝመቱን በቀን ከ12 ሰዓት አታሳልፉት፣ ኮራሉም ጨለማ ያስፈልገዋል።

ለሥራ ቤተሰብ የሚመች ፕሮግራም ይህ ነው፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይብራ፣ እስከ ቀኑ 6 ቀስ እያለ ይውጣ፣ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሙሉ ይሁን፣ ከዚያ እየቀነሰ በ3 ሰዓት ይጥፋ። ከሥራ ስትመለሱ ገንዳው ደምቆ ይጠብቃችኋል።

እዚህ ላይ በእኛ አገር የሚገጥም ወጥመድ አለ። የመብራቱ መተግበሪያ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው። «ጠዋት 4» ብላችሁ 4:00 ከጻፋችሁ መብራቱ የሚበራው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ለቀኑ 6 ጨምሩ፣ ለምሽቱ 18 ጨምሩ፦ የላይኛው ፕሮግራም ሲጻፍ 10:00፣ 12:00፣ 19:00 እና 21:00 ይሆናል። መጀመሪያ ባዘጋጃችሁት ቀን 4 ሰዓት ላይ ራሳችሁ ቆማችሁ ሲበራ እዩት።

አምስተኛ፦ አዲስ ኮራል ማላመድ

አንድ ቀን ሙሉ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ተጉዞ የመጣ ኮራል ዓይኑን በመዳፉ እንደሸፈነ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ቀን በ30 ወይም 40 ፓር ያሳልፍ። ከዚያ የሚፈልገውን ክልል ግማሽ ያህል ስጡትና ለአንድ ሳምንት አትንኩት።

ገንዳው ውስጥ ሌላ ኮራል ከሌለ መብራቱን በ25 ወይም 30 በመቶ ጀምራችሁ በየሳምንቱ 5 በመቶ ብቻ ጨምሩ። ከ30 ወደ 50 ለመድረስ አንድ ወር ይፈጃል፤ የሚገባውም ጊዜ ያ ነው። አልጌዎቹ ቀለማቸውንና ብዛታቸውን ከአዲሱ ብርሃን ጋር ለማስተካከል ሳምንታት ይወስድባቸዋል፤ ማስቸኮል አይቻልም።

የለመዱ ኮራሎች ካሉ መብራቱን አትንኩ፤ አዲሱን አሸዋው ላይ አስቀምጡትና በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ አንድ እርከን ወደ ላይ አውጡት። ቦታ ከሌለ ጥላ ሥሩለት፦ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ወይም የመስኮት የፕላስቲክ መረብ በሦስት ንብርብር አጣጥፋችሁ ኮራሉ ካለበት በላይ በክዳኑ ላይ አንጥፉ። በየሳምንቱ አንድ ንብርብር አንሱ። መረቡ የመብራቱን የሙቀት ማስወጫ እንዳይዘጋና መብራቱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ብረት ያለበት መረብ ውኃ ላይ አትዘርጉ፤ ዝገቱ ይወርዳል።

ስድስተኛ፦ ኮራሉን ማንበብ

ቁጥሩ መነሻ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ኮራሉ ራሱ ነው። በየቀኑ መብራቱ ከበራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በየእሑዱ በነጭ ብርሃን ፎቶ አንሱ፤ በሰማያዊ የተነሣ ፎቶ ሁሉን ያሳምራል፣ ምንም አይነግርም።

ዞአንቲድ ብርሃን ሲያንሰው አንገቱ ይረዝማል። ምንጣፍ መስሎ ድንጋዩ ላይ ተኝቶ የነበረው እያንዳንዱ አፍ በቀጭን ግንድ ላይ ይቆማል፣ ጠርዞቹም ወደ መብራቱ ይዘነበላሉ። ሲበዛበት ተቃራኒው ነው፦ አጥሮ ይሰበሰባል፣ ግማሹ ቀኑን ሙሉ ሳይከፈት ይውላል።

ቶርች ሲበዛበት ክንዶቹ ያጥራሉ፣ ጫፎቻቸው ብቻ እንደ ጥራጥሬ ተጠግተው ይታያሉ። ይህንኑ ግን ኃይለኛ የውኃ ግፊትም ያመጣዋል። መብራቱን ከመንካታችሁ በፊት ፓምፑን ለአንድ ቀን ወደ ሌላ አዙሩት፤ በማግሥቱ ከተከፈተ ችግሩ ብርሃን አልነበረም።

መንጣትንና መላጥን ለይቶ ማወቅ ሕይወት ያድናል። በነጣ ኮራል ላይ ሥጋው አለ፤ እንደ ብርጭቆ ግልጽ ሆኖ ከሥሩ ነጩ አጽም ይታያል፣ ሌሊት ፖሊፑ ይወጣል። በተላጠው ላይ ግን ሥጋው ራሱ የለም፣ አጽሙ ሸካራ ሆኖ ተራቁቷል፣ በጥቂት ቀናት አልጌ ይለብሳል። የመጀመሪያው ሊድን ይችላል፤ ሁለተኛው የተላጠበት ቦታ ግን በቀላሉ አይመለስም።

የፈዘዘ ኮራል ስታዩ ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ ጥላ ያለበትን ጎን እዩ። ፊት ለብርሃን የተሰጠው ብቻ ከፈዘዘ ብርሃን በዝቷል። ጥላውም ጭምር ከፈዘዘ ውኃው ምግብ አጥቷል፤ ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) መካከል መሆኑን ለኩ። ቡናማ የሆነ ኮራል ደግሞ ወይ ብርሃን አንሶታል ወይ ናይትሬትና ፎስፌት በዝቶበታል። የኤስፒኤስ ጫፍ ብቻ ሲቃጠል አልካሊኒቲውን ተመልከቱ፦ ብርሃኑ ከፍ ያለ፣ ምግቡ ዝቅ ያለ ሆኖ አልካሊኒቲው ከ9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ካለፈ የተለመደ ጉዳት ነው።

መንጣት ከጀመረ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፦ በዚያው ቀን ኮራሉን ወደ ግማሽ ፓር አውርዱት ወይም መብራቱን በ30 በመቶ ቀንሱት። ጨርሶ አታጥፉት፤ የቀሩት አልጌዎች መብራት ያስፈልጋቸዋል። ሙቀቱን 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ያዙ፤ ኤልፒኤስ ከሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ማታ አርቴሚያ ወይም ማይሲስ ከሚባሉት ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ትንሽ አብሉት። ቀለሙ ለመመለስ ከሳምንታት እስከ ወራት ይወስዳል። በዚህ መካከል ሌላ ነገር አትቀይሩ። ከማንኛውም ለውጥ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ምክንያት አለ፦ መብራቱን ሳይነኩ ብርሃኑ ይጨምራል። ለወራት የቢጫ መልክ የያዘ ውኃ ውስጥ አዲስ አክቲቭ ካርቦን ስትጨምሩ ውኃው በአንድ ሌሊት ይጠራል፣ ታች የሚደርሰው ፓር ወዲያው ይዘላል። በበጋ አቧራና በጨው ቅርፊት የተሸፈነ ሌንስ ሲጠረግም እንዲሁ። መፍትሔው ሌንሱን በየሳምንቱ መጥረግና ካርቦኑን በየወሩ በትንሽ በትንሹ መቀየር ነው። ከቆየ በኋላ የምታደርጉት ከሆነ መብራቱን በ20 በመቶ ቀንሳችሁ ጀምሩ።

ሰባተኛ፦ መብራት ሲጠፋ

ኮራል ያለ ብርሃን ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ያለ ውኃ እንቅስቃሴ ግን በሰዓታት ይጎዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት ሩብ ገደማ ነው፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሌሊት ደግሞ ኮራሉም አልጌውም ኦክስጅን ተጠቃሚ ናቸው። ስለዚህ ያላችሁ ባትሪ ወይም ዩፒኤስ ለመብራቱ ሳይሆን ለፓምፑ ይሁን።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ ያለፈውን ሰዓት ለማካካስ ሌሊት አታብሩ። ከሦስት ቀን በላይ ጨለማ ውስጥ ከቆየ በ50 ወይም 60 በመቶ መልሱትና በሳምንት ውስጥ ወደ ቦታው አድርሱት።

ጥርስ ያለው ሜካኒካል ታይመር የምትጠቀሙ ከሆነ ቀይሩት። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሰዓቱ ይቆማል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጠፋ ታይመሩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከምሽቱ 3 ይጠፋ የነበረው መብራት ከሌሊቱ 9 ይጠፋል። ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ይህ ችግር የለበትም። የመብራቱን የራሱን መቆጣጠሪያም ፈትኑት፦ ሶኬቱን ነቅላችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሱና ሰዓቱን አስታውሶ እንደሆነ፣ ወይስ በ100 በመቶ እንዳበራ እዩ። ሁለተኛው ከሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ገንዳ ሊያነጣ ስለሚችል ከባትሪ ታይመር ጋር ብቻ አሠሩት።

መብራት ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ የኤልኢዲ ድራይቨር ያቃጥላል። ለ220 ቮልት የተሠራ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስገባ ስታብላይዘር በመብራቱና በግድግዳው ሶኬት መካከል ይግባ። ሶኬቱ ከውኃው ወለል ከፍ ይበል፣ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ በገመዱ የሚወርድ ጨዋማ ውኃ እዚያ ታጥፎ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ አይደርስም።

ቲ5 የሚባለውን ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ የምትጠቀሙ ሰዎች ቱቦውን ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ቀይሩት፤ ለዓይን ደህና መስሎ ሳለ ብርሃኑ እየቀነሰና ቀለሙ እየተለወጠ ይሄዳል። አራት ቱቦ ካለ ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ቀይሩ። ኃይሉን መቀነስ ስለማይቻልም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መብራቱን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ወይም ያንኑ የአጎበር ቁራጭ ክዳኑ ላይ መልሳችሁ አንጥፉ።